ካርቡራተር በየወሩ ከታጠበ ጥፋቱ የካርቡራተሩ አይደለም

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። 150 ሲሲ ሞተር አለችኝ። ለሥራ ወደ ሮብ ገበያና ወደ ጮቄ ተራራ ሥር እወጣለሁ፣ አንዳንዴም በደጀን በኩል ወደ አባይ በረሃ እወርዳለሁ። ክረምቱን ሁለት ወር ያህል ቆማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለ ቾክ አትነሳም። ቾኩን ስመልሰው ትጠፋለች። ነዳጅ እየሰጠኋት ትሄዳለች፣ ስለቅላት ግን ቀጥ ነው። መካኒኩ ሦስት ጊዜ ካርቡራተሯን በነጭ ጋዝ አጠበልኝ፣ ቀዳዳዎቹንም በሽቦ ወጋጋቸው። ሳምንት ትሻላለች፣ ከዚያ ያው ናት። ወደ ጮቄ ስወጣ ደግሞ ጥቁር ጭስ ታወጣለች። አሁን ‹ካርቡራተሩ አልቋል፣ ቀይረው› ተብያለሁ። ራሴ ባጥበውስ? በምን ልጠበው?»

ምላሽ፦ ለጊዜው ምንም አትቀይር። ያለቀ ካርቡራተር ታጥቦ አይሻለውም። ያንተው ግን በታጠበ ቁጥር ሳምንት ይሠራል። ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ አጠባው ላይ ላዩን ነበር። ሁለተኛ፣ ከታጠበ በኋላ ያው ቆሻሻ ተመልሶ እየገባበት ነው። የጮቄው ጥቁር ጭስ ከሁለቱም ጋር አይገናኝም፤ እሱን ወደ መጨረሻው እመጣበታለሁ።

ምልክቱን በደንብ ስለጻፍከው ግማሹ ሥራ አልቋል። ቾክ ሲሳብ ወደ ሞተሩ የሚገባው ቅልቅል ቤንዚን ይበዛበታል። በቾክ ብቻ የምትሠራ ሞተር እንግዲህ ያለ ቾክ ቤንዚን እያነሳት ነው። ግን ነዳጅ ስትሰጣት ትሄዳለች። ለምን? ቤንዚንን ከአየር ጋር በሚቀላቅለው ካርቡራተር ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍባቸው ሁለት ዋና መንገዶች ስላሉ ነው። አንዱ ለመነሻና ለሚኒሞ (ነዳጅ ሳትሰጣት ቆማ ቀስ ብላ ለምትሠራበት) ነው። ሌላው ለጉዞ። በሁለቱም መንገድ ላይ ጄት የሚባል መሐሉ የተበሳ ትንሽ የናስ ብሎን አለ። የትልቁ ጄት ቀዳዳ አንድ ሚሊሜትር አካባቢ ነው። የትንሹ ግን ከግማሽ ሚሊሜትር ያንሳል። ሞተር ለወራት ስትቆም ካርቡራተሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ይተናል፣ ቡናማ ሙጫ ይተዋል። ሙጫው መጀመሪያ የሚደፍነው ትንሹን መንገድ ነው። ያንተ ሞተር የያዛት ይሄ ይመስለኛል።

ሆኖም ካርቡራተሩን ከማውረድህ በፊት አራት ነገር እይ። ሁሉም ተደምሮ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ካርቡራተሩ ሥር ባለው ጎድጓዳ ላይ ማፍሰሻ ብሎን አለ። ንጹሕ የመስታወት ብርጭቆ ደቅንበትና ክፈተው። የወጣውን ትንሽ አቆየው። ውሃ ከቤንዚን ይከብዳል፣ ስለዚህ ብርጭቆው ሥር እንደ ዶቃ ተሰብስቦ ታየዋለህ። ዝገትና ደለልም እዚያው ይታያል። ቀጥሎ የሰርባቶዮውን (የቤንዚን ማጠራቀሚያውን) ክዳን እይ። የክዳኑ አየር ማስገቢያ ካልሠራ ሞተሯ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዳ ትጠፋለች፣ ክዳኑን ከፍተህ ስትዘጋው ትነሳለች። ስንት ሰው በዚህ ምክንያት ካርቡራተር አስፈትቷል! ሦስተኛው ካርቡራተሩን ከሞተሩ የሚያገናኘው ጎማ ነው። ከተሰነጠቀ በስንጥቁ አየር ይስባል፣ ምልክቱም ካንተው ጋር አንድ ነው። ሞተሯ በቾክም ቢሆን በሚኒሞ እየሠራች ጎማው ላይ ውሃ ርጭት አድርግበት። ድምጿ ከተለወጠ ጥፋቱ እሱ ነው። አንዳንዱ ይህንን በቤንዚን ይሞክራል። በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን አይረጭም፣ በቃ። መጨረሻ ካንዴላዋን (የእሳት ብልጭታ የምትሰጠውን) ፍታ። ጥቁር ጥላሸት ከለበሰች ቤንዚን በዝቶባታል። ከነጣች አንሷታል። ቡናማ ከሆነች ደህና ናት። ያንተዋ ወደ ጮቄ ወጥተህ ስትመለስ አንድ ዓይነት፣ ማርቆስ ከተማ ውስጥ ስትውል ሌላ ዓይነት ልትሆን ትችላለች።

አሁን ወደ ሽቦው። ይሄ ልማድ ብዙ ካርቡራተር ገድሏል። ጄት ናስ ነው፣ ናስ ለስላሳ ነው። የፍሬን ኬብል ጭረት፣ መርፌ ቁልፍ፣ የልብስ መርፌ ሁሉም ብረት ናቸው። ቀዳዳውን ይፍቁታል፣ ያሰፉታል፣ ክብነቱን ያጠፉታል። ያቺ ቀዳዳ ደግሞ ቤንዚኑን የምትመጥነው በስፋቷ ነው። አንዴ ከሰፋች አትጠብም፤ መፍትሔው አዲስ ጄት ብቻ ነው። ስለዚህ ጄቶችህን ስታወጣ ወደ ብርሃን አንስተህ እይ። ቀዳዳው ክብ ካልሆነ ወይም ዳሩ ከተቦጫጨረ ጄቱን ለውጠው። ካርቡራተሩን ግን አይደለም፤ ጄት ለብቻው ይገዛል። ቁጥሩ ጎኑ ወይም አናቱ ላይ ተጽፏል፣ ያንኑ ቁጥር ፈልግ። ብራንዱም ይመሳሰል፤ ሚኩኒና ኬሂን የሚባሉት የካርቡራተር አምራቾች ጄት የሚቆጥሩበት መንገድ አንድ አይደለም።

ነጭ ጋዙስ? ለውጭ አካሉ፣ ለቅባትና ለጭቃ ጥሩ ነው። ለውስጡ ግን አይሆንም። ቅባታማ ስለሆነ ሲደርቅ ሽፋን ይተዋል፣ የደረቀውን ሙጫም በወጉ አያሟሟም። ናፍጣ ደግሞ ከሱ ይብሳል። ሎሚና ኮምጣጤ የሚቀቅሉም አሉ። አሲድ የካርቡራተሩን ብረት ይበላል፣ ውስጡን ያሻክራል፣ የተሻከረ ነገር ደግሞ ቆሻሻ ይይዛል። የባትሪ አሲድ የሚጠቀም ካጋጠመህ ሞተርህን ይዘህ ውጣ። ለውስጡ የሚሆነው በቆርቆሮ የሚሸጠው የካርቡራተር ማጽጃ ስፕሬይ ነው። ካጣህ ንጹሕ ቤንዚን፣ ለስላሳ ብሩሽና የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ይበቃሃል። ሙጫው የጠና ከሆነ ጄቶቹን ሌሊቱን ቤንዚን ውስጥ ዘፍዝፋቸው።

ራስህ ልትሠራው ትችላለህ። እጅህ የማይጣደፍ ከሆነ ከብዙ መካኒክ የተሻለ ትሠራዋለህ፣ ምክንያቱም አንተ ወረፋ የሚጠብቅ ደንበኛ የለብህም።

ሥራውን ከቤት ውጭ፣ ነፋስ ባለበት ቦታ አድርገው። ሲጋራ ብቻ ሳይሆን የቡና ከሰልም ይራቅ። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ሄዶ ጀበና የተጣደበት ከሰል ጋ ይደርሳል። ቤንዚን በጎማ ስትቀዳ በአፍህ አትሳብ። ትንሽ ጠብታ ወደ ሳንባ ከገባ ሆስፒታል ያስተኛል። ስፕሬይ ስትነፋ መነጽር አድርግ፤ በአንዱ ቀዳዳ የገባው ባላሰብከው በሌላው ወጥቶ ዓይን ውስጥ ይገባል።

ሳትፈታው በፊት ውጩን በኦሞና በብሩሽ እጠብና አድርቅ። አለበለዚያ ስትከፍተው የመንገዱን አቧራ ራስህ ታስገባበታለህ። የቤንዚን መዝጊያውን ዝጋ፣ ጎድጓዳውን አፍስስ፣ ከዚያ አውርደው። እያንዳንዱን ደረጃ በስልክህ ፎቶ አንሳ። የጎድጓዳው ብሎኖች ለስላሳ ናቸው፣ ካቻቢቴው ልክ ካልሆነ አናታቸው ይበላል። ተጫንና አዙር። እምቢ ካለ የካቻቢቴውን እጀታ በመዶሻ ቀስ አድርገህ ምታው፣ ይላቀቃል።

ጎድጓዳው ሲወርድ ፍሎቱን ታገኛለህ። ቤንዚን ሲሞላ ተንሳፎ መግቢያውን በትንሽ መርፌ የሚዘጋው እሱ ነው። የያዘችውን ቀጭን ዘንግ በስስ ምስማር ገፋ አድርጋት። ዘንጓ የምታርፍባቸው ሁለት ቋሚዎች በቀላሉ ይሰበራሉ፣ ከተሰበሩ ካርቡራተሩ በእርግጥ አለቀ። የመርፌዋን ጫፍ እይ። ጎማዋ ላይ ቀለበት የመሰለ ጉድጓድ ካለ ለውጣት። በዚያ ሁኔታ የምትዘጋ መርፌ ቤንዚን ታሳልፋለች። ያሳለፈችው ቤንዚን ሲብስ ወደ ሞተሩ ዘይት ይወርዳል። የዘይት መለኪያህ ቤንዚን ከሸተተህ ሞተሯን ሳታስነሳ ዘይቱን ለውጥ።

ትልቁን ጄትና ከኋላው ያለውን ጎኑ የተበሳሳ ቱቦ አውጣ። ትንሹ ጄት ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። በስፋቱ ልክ የሆነ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ካላገኘህ አትንካው። ቀጥሎ የቅልቅል ማስተካከያዋ ብሎን አለች። ከመፍታትህ በፊት ወደ ውስጥ ቀስ ብለህ እያዞርክ ስንት ዙር እንደገባች ቁጠርና ጻፍ። መጨረሻዋ ላይ ስትደርስ አታጥብቃት፣ ሹል ጫፏ መቀመጫዋን ያበላሻል። ስትወጣ ከኋላዋ ስፕሪንግ፣ ትንሽ የብረት ቀለበትና የጎማ ቀለበት ይከተላሉ። የጎማዋ ቀለበት ብዙ ጊዜ ጉድጓዱ ውስጥ ተጣብቃ ትቀራለች፣ ሳትታወቅ ስፕሬይ ይበላታል። ከሦስቱ አጠባ በአንዱ ጠፍታ ሊሆን ይችላል። ከሌለች ሚኒሞህ መቼም አይረጋም።

ጎማ የሆነውን ሁሉ ለይተህ አስቀምጥ። ካርቡራተርህ ከላይ ሰፊ የጎማ ሽፋን ያለው ዓይነት ከሆነ እሱን ስፕሬይ እንዳይነካው፤ ያብጣል፣ ተመልሶ ቦታው አይገባም። ወደ ብርሃን አንስተህ ቀዳዳ እንደሌለው ብቻ አረጋግጥ።

አሁን ዋናው ሥራ። ብዙዎቹ ጄቶቹን አጥበው ይጨርሳሉ። ሙጫው ግን ጄቱ ውስጥ ብቻ አይደለም ያለው። ካርቡራተሩ አካል ውስጥ ተቦርቡረው የሚያልፉ ስስ መንገዶች አሉ፣ ዓይን አያያቸውም። የስፕሬዩን ቀጭን ቱቦ ትንሹ ጄት የነበረበት ጉድጓድ ላይ አድርገህ ንፋ። የአየር መሳቢያው አፍ ውስጥ፣ ወደ ሞተሩ በሚያየው በኩል፣ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ። ስፕሬዩ በነዚያ መውጣት አለበት። ከቅልቅል ብሎኗ ጉድጓድም መውጣት አለበት። በአየር ማጣሪያው በኩል ካሉት ትንንሽ የአየር ቀዳዳዎች ንፋና የት እንደሚወጣ ተከታተል። በሁሉም በኩል እንደ ክር ቀጥ ብሎ ከወጣ ጸድቷል። ከተንጠባጠበ ወይም ጭራሽ ካልወጣ አልጸዳም፤ ስፕሬዩን ውስጡ ተወውና ሩብ ሰዓት ቆይተህ ድገም። አንዱን በጣት ደፍነህ በሌላው መንፋትም ይረዳል። ከዚያ ጎሚስታ ጋ ሄደህ በአየር አስነፋው። መጀመሪያ ግን አየሩን ወደ ውጭ ይልቀቀው፤ የኮምፕሬሰር ጋን ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል። ሦስቱም ጊዜ ሳምንት ብቻ የሠራልህ፣ ሽቦው ቀዳዳ ከፍቶ የተፈረፈረውን ሙጫ ወደ ውስጥ ስለገፋው ይመስለኛል። ይህ የመንፋት ፈተና ካልተደረገ ካርቡራተር ታጠበ አይባልም።

ጄቱ ተዘፍዝፎም ካልተከፈተ፣ ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ አንዲት የመዳብ ጭረት ውሰድ። ከሱም የሚሻለው የፈረስ ጭራ ነው። አልቀለድኩም። ቀጭን ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ናስ አይቧጭርም። የፈረስ አገር ሆነን የብረት ሽቦ የምንፈልገው ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

ስትገጥመው የቅልቅሉን ብሎን በቆጠርከው ዙር መልሳት። የፍሎቱን ምላስ (መርፌዋን የምትገፋዋን ትንሽ ብረት) ፋብሪካው የሚለውን ልክ ሳታውቅ አታጣምም። ሞተሯ ላይ ከሰቀልከው በኋላ ቤንዚኑን ክፈትና አሥር ደቂቃ ጠብቅ። ምንም ጠብታ ከሌለ አስነሳ። ማስተካከል የሚጀመረው ሞተሩ ሲሞቅ ነው። የቅልቅሉን ብሎን በሩብ ሩብ ዙር እያዞርክ ሞተሯ በጣም የምትፈጥንበትን ቦታ ፈልግ፣ ከዚያ ሚኒሞውን ዝቅ አድርግ። ልብ በል፤ ብሎኗ ወደ ሞተሩ በኩል ካለች ማጥበቅ ቤንዚን ይቀንሳል። ወደ አየር ማጣሪያው በኩል ካለች ማጥበቅ ቤንዚን ይጨምራል። ይህንን ያላወቀ ሰው ሲያስተካክል ያባብሳል።

ይህን ሁሉ ሠርተህ ሰርባቶዮውን ካልነካህ ግን ከወር በኋላ ያው ጥያቄ ይዘህ ትመጣለህ። የሰርባቶዮ ሥር እንደ ጠላ ጋን ነው፤ አተላው እታች ይቀመጣል፣ ሲናወጥ ይነሳል። ክረምቱን ጎደሎ ሆኖ የቆመ ሰርባቶዮ ደግሞ የማርቆስ ብርድ ሲነካው ውስጡ ጤዛ ይይዛል። ጤዛው ውሃ ይሆናል፣ ውሃው ዝገት ይሆናል። አውርደው፣ የቤንዚን መዝጊያውን ፍታ፣ እሱ ላይ ያለችውን ወንፊት እጠብ። ሰርባቶዮውን በጥቂት ቤንዚን ደጋግመህ አለቅልቅ። ዝገት ካለው ትንንሽ ዳዶዎች ቆጥረህ ጨምርና ነቅንቀው። ቆጥረህ አውጣ። የወጣው ቤንዚን በነጭ ጨርቅ ላይ ምንም እስከማይተው ድረስ ድገም። የቆሸሸውን ቤንዚን ወንዝ ወይም ቦይ ውስጥ አትድፋ።

ከዚያ በሰርባቶዮውና በካርቡራተሩ መሐል፣ ጎማው ላይ፣ ብርሃን የሚያስተላልፍ ትንሽ ማጣሪያ ግጠም። ቀስቱ ወደ ካርቡራተሩ ይሁን፣ ጎማውም እንዳይታጠፍ። ዋጋው ከአንድ አጠባ አይበልጥም።

ቤንዚኑ ራሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ማደያ ሰልፍ ሲረዝም ሁላችንም በሃይላንድ የተሸጠ ገዝተናል። በጨርቅ አጥልለህ ብትቀዳውም ጨርቅ ውሃን አያጣራም። ደለሉን ብቻ ነው የሚይዘው። በጄሪካን ከገዛህ ሌሊቱን ሳይነቃነቅ ይደር፣ ጠዋት ላይ ላዩን ገልብጥ፣ የታችኛውን አንድ ጣት ተወው። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ከመሰለህ ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርግ። ንጹሕ ቤንዚን ተኖ ይጠፋል። ነጭ ጋዝ ያለበት የቅባት እድፍ ይተዋል።

ወደ ጮቄው ጭስ ልምጣ። ማርቆስ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እዚያ አየሩ ከባህር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በአምስት አንድ ያህል ይሳሳል። 4,000 ሜትር ላይ በሦስት አንድ ገደማ። ካርቡራተር ግን ይህንን አያውቅም፤ ቤንዚኑን ያን ያህል አይቀንስም። ቤንዚን በዛ፣ አየር አነሰ፣ ጥቁር ጭስ ሆነ። ይህ ቆሻሻ አይደለም፣ አጠባም አያስቀረውም። መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን አራግፍ ወይም ለውጥ፤ በአቧራ የታፈነ ከሆነ ከፍታው ላይ ድርብ ይሆንብሃል። ከዚያ በኋላም ማርቆስ ከተማ ውስጥ የምታጨስ ከሆነ ትልቁን ጄት በአንድ ቁጥር ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ከዚያ በላይ አትሂድ። አንተ ወደ አባይ በረሃም ትወርዳለህ። ከደጀን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ለጮቄ የተቀነሰ ጄት በረሃ ውስጥ ቤንዚን ያሳንሳል፣ ሞተሩ ያለ ልክ ይግላል፣ ፒስተን ሊበላ ይችላል። የጮቄውን ጭስ ታገሰው፣ የአባዩን ግለት አትታገሰው። ካርቡራተርህን ለማርቆስ ከፍታ አስተካክልና እዚያው ተወው።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይሄ ይሁን፤ ሰርባቶዮና ማጣሪያ፣ ቀጥሎ እየነፉ ማጠብ፣ በሽቦ ተወግተው የተበላሹ ጄቶችንና የጎማ ቀለበቷን መለወጥ። አዲስ ካርቡራተር የምትገዛው አካሉ ውስጥ ብረቱ ነጭ ዱቄት ሆኖ ከተበላ፣ የፍሎቱ ቋሚ ከተሰበረ፣ ወይም ላይና ታች የሚንሸራተተው በርሜል ተበልቶ የሚንቀጫቀጭ ከሆነ ብቻ ነው። ያኔም ቢሆን የድሮዎቹን ጄቶች ቁጥር ይዘህ ሂድ። ርካሾቹ ቅጂዎች ውስጥ ያሉት ጄቶች ከሞተርህ ጋር የማይስማሙበት ጊዜ ብዙ ነው።

ለወደፊቱ ሞተሯ ከሁለት ሳምንት በላይ የምትቆም ከሆነ ቤንዚኑን ዝጋና ማፍሰሻውን ከፍተህ ጎድጓዳውን ባዶ አድርገው። ሰርባቶዮውን ደግሞ ሙላው።

ሁሉንም ሠርተህ፣ ስፕሬዩም በሁሉም ቀዳዳ ወጥቶ፣ አሁንም ከቾክ ካልተላቀቀች ካርቡራተሩን ድጋሚ አትፍታ። የቫልቭ ክፍተቷንና ኮምፕረሽኗን (ሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ግፊት) አስለካ። ቫልቭ ሲጠብም ሚኒሞ አይቆምም።